ከመንደሩ ጀርባ ያለችውን ጫፍ ለመውጣት፦ ወሎ ገጠር ለምትወርዱ

ወሎ ውስጥ ቀና ሲሉ ተራራ የማይታይበት ቦታ ማግኘት ይከብዳል። ትልልቆቹን ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ላስታ ላይ ከ4200 ሜትር በላይ የቆመው አቡነ ዮሴፍ አለ። ደሴ ጦሳ አላት፣ ኮምቦልቻ የጎፍ አላት። ይህ መመሪያ ግን ለእነሱ አይደለም። ከአንድ ገጠር መንደር ጀርባ ለቆመች፣ ከቤቶቹ ሦስትና አራት መቶ ሜትር ብቻ ከፍ ለምትል ትንሽ ጫፍ ነው። ለበዓል ዘመድ ጥየቃ የወረዳችሁ፣ ለሥራ ወረዳ የተመደባችሁ፣ ቅዳሜን ከከተማ ወጣ ብላችሁ ማሳለፍ የምትፈልጉ፣ ለእናንተ ነው።

እንዲህ ያለችውን ጫፍ ሰው ይንቃታል። «ይቺማ ምን አላት» ብሎ በጠራራ ፀሐይ፣ በአንድ ሃይላንድ ውሃ ይነሳል። አደጋ የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ጥሩው መንገድ የት እንዳለ ደግሞ ስልካችሁ አይነግራችሁም። የሚያውቀው ከሥሯ ያለው መንደር ነው። ስለዚህ መውጣቱ የሚጀመረው ከመንደሩ ነው።

1. ወሩንና ቀኑን ምረጡ

ከሁሉም የሚሻለው ጥቅምትና ኅዳር ነው። ክረምቱ ወጥቷል፣ አየሩ ታጥቧል፣ ሩቅ ያለው አምባ ሁሉ ቅርብ መስሎ ይታያል። መሬቱም ጠጥሯል። መስከረም በአደይ አበባ ያምራል፤ ሣሩ ግን ገና እርጥብ ነው፣ ያንሸራትታል። ታኅሣሥና ጥር ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ሌሊት ደጋው ላይ ውርጭ ይጥላል፣ ጠዋት ላይ ጣት ያደነዝዛል።

ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የወሎ ደጋ የበልግ አገር ነው። ጠዋት ብራ የነበረው ከሰዓት በኋላ በአንድ ጊዜ ይጠቁርና ነጎድጓድ ይጀምራል። ሐምሌና ነሐሴ ግን ተዉት። ጭቃው፣ ጉሙና መብረቁ ለትንሽም ለትልቅም ጫፍ አይሆንም።

ቀኑን ስትመርጡ የገበያ ቀን መሆን አለመሆኑን ጠይቁ። በገበያ ቀን ትራንስፖርት በቀላሉ ይገኛል፤ መንገድ የሚያሳያችሁ ሰው ግን መንደር ውስጥ አይኖርም።

2. መንደሩን ጠይቁ

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። ጊዜም ስጡት። ከተቻለ ከቀኑ በፊት በነበረው ማታ ድረሱ። ካልተቻለ ደግሞ ጠዋት ሰው ከብቱን ሳያወጣ በፊት።

ሦስት ዓይነት ሰው አነጋግሩ። አንደኛው የቀበሌው ሰው ነው፤ አስተዳዳሪው ወይም ሚሊሻው። ማን እንደሆናችሁ፣ ለምን እንደምትወጡ ንገሩት። መታወቂያ ያዙ። በአሁኑ ጊዜ መንገዱ ሰላም ይሁን አይሁን በእርግጠኝነት የሚያውቀው እሱ ነው። «ዛሬ ይቅርባችሁ» ካለ ይቅርባችሁ፤ አትከራከሩ። ባዕድ ሰው ከተራራ አናት ላይ በስልክ ፎቶ ሲያነሳ ቢታይ ሰው ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

ይህን ሰው ሌላም ነገር ጠይቁት። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ወሎ ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ ሁሉ ይፈለግ ነበር። ጫፏ ላይ ምሽግ ተቆፍሮ ነበር ወይ? ነበር ካለ ከተለመደው የከብት መንገድ አትውጡ። ምሽግ ውስጥ አትግቡ። መሬት ላይ ያለ ብረት ነገር፣ የዛገም ቢሆን፣ በእግር አትንኩ፣ አታንሱ። ካያችሁ ቦታውን ምልክት ይዛችሁ ተመለሱና ለቀበሌው ተናገሩ።

ሁለተኛው ሽማግሌ ነው። የተከለከለውን እሱ ያውቀዋል። ብዙ ጊዜ አናቱ ላይ ቤተ ክርስቲያን ወይም የሼህ መቃብር አለ፤ ወይም ደግሞ ምንም ነገር ሳይኖርበት የሚከበር አንድ ትልቅ ዛፍ ይኖራል። ሴት የማትገባበት፣ ጫማ የሚወለቅበት፣ ፎቶ የማይነሳበት ቦታ ካለ ቀድማችሁ እወቁ። ከላይ ደርሳችሁ ከመሳቀቅ ከታች ጠይቆ ማወቅ ይሻላል።

ሦስተኛው እረኛ ነው። መንገዱን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። የትኛው ቋጥኝ እንደሚነቃነቅ፣ ምንጩ የት እንዳለ፣ የማን ውሻ እንደሚናከስ ይነግራችኋል።

ስትጠይቁ ሰላምታውን አታሳጥሩ። ከአጥር ውጭ ሆናችሁ ድምፅ አሰሙ፤ ውሻ ያለበት ግቢ ውስጥ ሰተት ብሎ መግባት የለም። ጨዋታው እንዲህ ቢሄድ ጥሩ ነው፦

«አባባ፣ እንደምን አደሩ?»

«አልሐምዱሊላህ። እናንተስ ደኅና አደራችሁ?»

«ደኅና፣ ይመስገን። እንግዶች ነን። እዚያች ጫፍ ላይ ለመውጣት አስበን ነበር። መውጫ በሩ በየት በኩል ነው?»

«በፊት ለፊት እንዳትሞክሩት። በወይራዋ ዙሩና የከብቱን መንገድ ያዙ። ላይኛው ገደል ሥር ስትደርሱ በግራ ነው። የቀኙ አፈሩ ይከዳል።»

«አፈሩ ይከዳል» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። ከሩቅ ሲታይ ቀኙ ይቀላል፤ አጭርም ነው። ያ አፈር ከላይ ደርቆ ከታች ልቅ መሆኑን የሚያውቀው በየቀኑ የሚያየው ሰው ብቻ ነው።

አንድ ሰው አብሯችሁ ቢወጣ ደግሞ ሁሉም ይቀላል። አዋቂ ወይም ጎረምሳ ይሁን። ከብት የሚጠብቅ ሕፃን ከሥራው አታስነሱ፤ ከብቱ ማሳ ቢገባ ዱላው የሚያርፈው በእሱ ላይ ነው። ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅንም አታስቀሩ። ሒሳቡን ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ። የአካባቢው የቀን ሥራ ዋጋ ስንት እንደሆነ ጠይቁና ከዚያ አታሳንሱ። «አብሽሩ፣ ምን ገንዘብ ያስፈልጋል» ሊል ይችላል፤ የወሎ ሰው እንግዳ መቀበል ይወዳል። ቢሆንም ክፈሉ። ግማሽ ቀን ከእርሻው ቀርቷል።

3. ሰዓቱን አስሉ

ገጠር ውስጥ «እዚህችው ናት» የሚባል ርቀት አለ። ለሚናገረው ሰው እውነት ነው፤ እሱ በዚያ አቀበት ጭነት ይዞ ይመላለሳል። ለእናንተ ግን ሒሳብ ያስፈልጋችኋል።

ተራራ የሚወጡ ሰዎች የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ። ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት ያዙ። በዚያ ላይ ለየ100 ሜትር ከፍታ 10 ደቂቃ ጨምሩ። መንገዱ 4 ኪሎ ሜትር፣ አቀበቱ 400 ሜትር ቢሆን 48 ደቂቃና 40 ደቂቃ ነው፤ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። ይህ ለለመደ ሰው ነው። ላልለመደና በቡድን ለሚሄድ እጥፍ አድርጉት። ሦስት ሰዓት መውጫ፣ አንድ ሰዓት እላይ፣ ሁለት ሰዓት መውረጃ። ጠዋት 12 ሰዓት ብትነሱ 6 ሰዓት ላይ ታች ናችሁ።

ከፍታውን በስልክ ማወቅ ይቻላል። ጂፒኤስ ያለ ኔትወርክ ይሠራል፤ ካርታውን ግን ከተማ እያላችሁ አውርዱት። የመንደሩን ከፍታ ያዙ፣ የጫፏን ከካርታው አንብቡ፣ ቀንሱ።

አንድ የማይሻር ሰዓት ይኑራችሁ። እኔ 6 ሰዓት እላለሁ። ጫፉ ላይ ደረሳችሁም አልደረሳችሁ 6 ሰዓት ሲሆን ፊታችሁን ወደ ታች አዙሩ። ወሎ ላይ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ግድም ነው፤ ከጠለቀች በኋላ ጨለማው አይዘገይም። ከጨለመ ደግሞ ገደሉም ጅቡም አለ።

4. የምትይዙት

ጫማ ከሁሉ ይቀድማል። ሶሉ ያልለሰለሰ፣ እግር ላይ የተለማመደ ይሁን። አዲስ ጫማ ለዚህ ቀን አታስመርቁ። የመንደሩ ሰው በኮንጎ ሲወጣ አይታችሁ እናንተም አትሞክሩ፤ እሱ እግሩም መንገዱም የለመደ ነው።

ውሃ ለአንድ ሰው 2 ሊትር። የምንጭ ውሃ ብትቀዱ በውሃ አጋር አክሙት ወይም አፍሉት። ምንጩ ውስጥ እጅና እግር አትታጠቡ፣ ከታች የሚቀዳ ሰው አለ። ለስንቅ በሶና ቆሎ የሚስተካከለው አላገኘሁም። አይበላሽም፣ አይከብድም፣ ቶሎ ጉልበት ይሆናል። ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ ጨውና ስኳር) ሁለት ፓኬት ኪስ ውስጥ ጣል አድርጉ።

ጋቢ ያዙ። በየ100 ሜትሩ ከፍታ ብርዱ በግማሽ ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነፋሱ ግን ቁጥር ውስጥ የለም። አልቦት የወጣ ሰው አናት ላይ ቁጭ ሲል ላቡ ይቀዘቅዝበታል። ጋቢ ሲያስፈልግ ደግሞ ቃሬዛ ይሆናል። ሁለት ጠንካራ ዱላ፣ አንድ ወፍራም ጋቢና አራት ሰው ካለ እግሩ የተጎዳን ሰው ማውረድ ይቻላል።

ዱላ፣ ባርኔጣ፣ ባትሪ፣ የሞላ ፓወር ባንክ፣ ቁስል መጠቅለያ። የወረዳውን አምቡላንስ ቁጥር ከጤና ኬላው ውሰዱና ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ስልክ ሊዘጋ ይችላል።

5. አወጣጡ

መጀመሪያ እርሻ ታገኛላችሁ። ጤፉ፣ ገብሱ፣ ባቄላው መሃል አትግቡ፤ በወሰኑ ዳር ዳር ሂዱ። እርከኑን አትርገጡት፣ ከካቡ ላይ ድንጋይ አታንሱ። አንድ ድንጋይ ከወጣ በሚቀጥለው ክረምት ጎርፉ በዚያች ቀዳዳ ገብቶ የቀረውን ይንደዋል። ወሎ ድርቅን በ1966ም በ1977ም ዓ.ም. አይቷል። እነዚህ እርከኖች ሕዝቡ በእጁ ድንጋይ እየደረደረ አፈሩን ያቆየባቸው ናቸው። ከብት እንዳይገባበት የተከለለ ተዳፋት ካጋጠማችሁም ዙሩት፣ ወይም በተፈቀደው መንገድ ብቻ እለፉ።

ከእርሻው በላይ የተራራውን አቀማመጥ አንብቡ። የወሎ ተራራ አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሠራ ነው። አንዱ ፍሳሽ በሌላው ላይ እንደ እንጀራ ተደራርቧል። ጠንካራው ድርብ ገደል ሆኖ ቀርቷል፤ ለስላሳው ተሸርሽሮ ለጥ ያለ ግጦሽና እርሻ ሆኗል። ስለዚህ ተራራው ገደል፣ መስክ፣ ገደል፣ መስክ እያለ ይወጣል። መስኩ ላይ ማንም ይሄዳል። ቁም ነገሩ ገደሉ የተሰበረበትን ቦታ ማግኘት ነው። ያ ነው በሩ።

ይህ ነገር ታሪክም ነው። መቅደላ አምባ ኮኪት በርና ካፊር በር የሚባሉ መግቢያዎች ነበሩት። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ በሞቱበት ቀን የእንግሊዝ ጦር ዋናውን ጥቃት ያደረገው በኮኪት በር ላይ ነው። ያን ያህል መሣሪያ የያዘ ጦር እንኳ መጀመሪያ ያመራው ወደ በሩ ነው። እናንተም በሩን ፈልጉ።

በሩ በምን ይታወቃል? ፋንድያና እበት አለበት። ድንጋዩ በኮቴ ብዛት ልሟል። ሁለት መንገድ ቢያጠራጥራችሁ የላም ዱካ ያለበትን ያዙ፤ ፍየል የሄደችበት ሁሉ ለሰው አይሆንም። እጃችሁን ለመደገፊያ መጠቀም ከጀመራችሁ መንገድ ስታችኋል ማለት ነው፤ እስከምታውቁት ቦታ ተመለሱ።

አረማመዳችሁ ወሬ እያወራችሁ መሄድ የሚያስችል ይሁን። ትንፋሽ ካጠራችሁ ፍጥነታችሁ በዝቷል። ከሁሉ ደካማው ሰው ከፊት ይሁን፣ ፍጥነቱን እሱ ይወስን። ልል ድንጋይ ባለበት ቦታ ተራርቃችሁ ሂዱ፣ አንዱ ከሌላው በቀጥታ በላይ አይሁን። ድንጋይ ከተንከባለለ «ድንጋይ!» ብላችሁ ጩኹ። ከታች እረኛም ከብትም ሊኖር ይችላል።

ከ2500 ሜትር በላይ ከፍታው ራሱ የሚያማቸው ሰዎች አሉ። ከአፋር ቆላ ወይም ከኮምቦልቻ በዚያው ጠዋት የመጣ ሰው ራሱን ሊያመው ይችላል። ቀላል ራስ ምታት በእረፍትና በውሃ ይሻለዋል። ማስታወክ ወይም መንገዳገድ ከጀመረ ግን ሌላ መድኃኒት የለውም፤ ውረዱ። ብቻውንም አትስደዱት።

ከፍ ስትሉ ዕፅዋቱ ይለወጣል። ወይራውና ጥዱ ከታች ይቀራል። ደጋው ላይ አስታ፣ ከዚያም በላይ ጓሳና ጅብራ ይመጣል። ጭላዳ ዝንጀሮ ገደል አፋፍ ላይ ሣር ሲነጭ ብታገኙ ቁጭ ብላችሁ እዩት። ምግብ አትስጡት። ምግብ የለመደ ጭላዳ ነገ ማሳ ይገባል፣ የሚጎዳውም ገበሬው ነው። እሳት ደግሞ ጨርሶ አታንድዱ። የደረቀ ጓሳና አስታ ከተያያዘ ማንም አይደርስበትም።

6. ደመና ከመጣ

ብልጭታ አይታችሁ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሰከንድ ቁጠሩ። ለሦስት አካፍሉት፤ መብረቁ በስንት ኪሎ ሜትር ላይ እንዳለ ታውቃላችሁ። ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ ጊዜ አታጥፉ፣ ከአናቱና ከሸንተረሩ ውረዱ። ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ። የዋሻ አፍም አያድንም።

ጉም ከሆነ ተቃራኒው ነው። ገደል ያለበት አናት ላይ ጉም ከዋጣችሁ ቁጭ በሉ። ተያያዙ፣ ጋቢያችሁን ልበሱ፣ እስኪገለጥ ጠብቁ። በግምት መራመድ አያዋጣም።

7. አናቱ ላይ

ከአፋፉ ራቁ። በተለይ ለፎቶ ወደ ኋላ አትሂዱ። የገደል ጫፍ ላይ ያለው ሣር ከሥሩ ድንጋይ ላይኖረው ይችላል።

ከዚያ በኋላ አቅጣጫውን ለዩ። ወሎ ውሃን የሚከፍል አገር ነው። በምሥራቁ በኩል የሚወርደው ዝናብ በቦርከናና በሚሌ አድርጎ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽ ደግሞ አፋር ውስጥ ሐይቅ ላይ ያበቃል፣ ባሕር አያይም። በምዕራቡ የሚወርደው በበሽሎ በኩል ዓባይ ይገባል። ከላስታ ተራሮች ተከዜ ይነሳል። የቆማችሁባት ጫፍ ውሃዋን ለማን እንደምትሰጥ አብሯችሁ የወጣውን ሰው ጠይቁት። ሸለቆ በሸለቆ እየጠቆመ ይነግራችኋል።

ሌላም ነገር ጠይቁት፣ ደብተርም አውጡ። እዚያ ማዶ ያለው ጉብታ ማን ይባላል? ያ ዋሻ? ያ ምንጭ? ሁሉም ስም አለው። አብዛኛው የትም አልተጻፈም፤ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ናቸው። የነገራችሁን ሰው ፈቃድ ይዛችሁ ስሙንና ለምን እንደዚያ እንደተባለ ጻፉ። ከፎቶው ሁሉ ይህ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ፌስታልና ሃይላንድ ይዛችሁ ተመለሱ። ፌስታል የበላች ላም ትሞታለች፤ ለአንድ ገጠር ቤተሰብ ላም ማለት ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

8. አወራረዱ

እግር የሚጠመዘዘው ስትወርዱ ነው። ጉልበት ደክሟል፣ ሐሳብ ምሳ ላይ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት የጫማ ማሰሪያችሁን ጠበቅ አድርጉ። እርምጃ አሳጥሩ፣ ጉልበታችሁን ትንሽ ዕጠፉት፣ ቁልቁለቱን በሰያፍ ተመላለሱበት። ጭንጫ ላይ አትሩጡ። በወጣችሁበት ውረዱ፤ «በዚህ ይቀርባል» የምትል ሐሳብ ስትመጣ ያ የሚከዳው አፈር ይታወሳችሁ።

ቁርጭምጭሚት ከተጠመዘዘ ጫማውን ቶሎ አታውልቁ፤ ካበጠ መልሶ አይገባም። በሻሽ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩትና ደግፋችሁ አውርዱት። መርገጥ ካቃተው ወይም አጥንቱ ቅርፁን ከለወጠ አታሻሹት። ቃሬዛ ሥሩና በቀጥታ ጤና ጣቢያ።

መንደር ስትደርሱ ጠዋት ላነጋገራችሁት የቀበሌ ሰው መውረዳችሁን አሳውቁ፣ አለዚያ ማታ ሰው ፍለጋ ይወጣል። ሒሳባችሁን ዝጉ። ቡና ከተፈላላችሁ ከአቦል በኋላ አትነሱ። መንገድ የመራችሁን ሰው ስልክ ቁጥር ያዙና ፎቶውን ላኩለት፤ ስልኩ ተራ ከሆነ አሳጥባችሁ በሚቀጥለው ገበያ በሚሄድ ሰው እጅ አድርሱ።